የአያት ፖስታዎች፦ ቴምብሩን አይቁረጡ፣ ማኅተሙንም አይንኩ

ከድሬዳዋ የመጣው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «አያቴ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የቡናና የቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ካረፉ በኋላ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አርባ የሚሆኑ አሮጌ ፖስታዎች አገኘን። ከሐረር፣ ከጅቡቲና ከኤደን የመጡ አሉ፤ እሳቸው ልከዋቸው ተመላሽ የሆኑም አሉ። ቴምብሮቹ ላይ ጥቁርና ሐምራዊ ማኅተም ተመትቷል። አንድ ቴምብር ገዢ ‹ማኅተሙ አበላሽቷቸዋል፤ ግን ቴምብሮቹን ቆርጣችሁ፣ በውሃ አላቅቃችሁ አምጡልኝ› አለን። ማኅተሙን ማስለቀቅ ይቻላል? ደግሞ ከፊትና ከጀርባ ያሉት ቀኖች አይገጥሙም፤ የትኛውን ልመን?»

አይቁረጧቸው፤ ውሃ ውስጥም አይንከሯቸው። ገዢው ማኅተሙን እንደ እድፍ ቆጥሮ ነው ያነጋገረዎት፤ እርስዎ እጅ ላይ ባሉት ፖስታዎች ግን ዋጋውን የያዘው እሱ «እድፍ» ብሎ የቆጠረው ነገር ነው። ቴምብር በማተሚያ ቤት በብዙ ሺህ የሚባዛ ነው። ያው ቴምብር አዲስ አበባም ድሬዳዋም ተሸጧል፤ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፍ የቀረውም በየአገሩ ሰብሳቢዎች አልበም ውስጥ ሞልቷል። ያንን አንዱን ቴምብር የድሬዳዋ ያደረገው፣ በዚህ ቀን በዚህ መስኮት አለፈ ብሎ የመሰከረለት ማኅተሙ ነው። ማኅተም ሲመታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከፊሉ ቴምብሩ ላይ፣ ከፊሉ ኤንቨሎፑ ላይ ያርፋል። ቴምብሩን ቆርጠው ሲያነሱ የሚተርፍዎት የከተማው ስም ግማሽና ዓመቱ የጎደለ ቀን ነው፤ አድራሻው፣ የተጓዘበት መንገድ፣ የደረሰበት ዕለት ሁሉ ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ መልሶ የሚገጥመው የለም።

ማኅተሙ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ቴምብሩን መሰረዝ ነው፤ የተከፈለው ገንዘብ ሥራ ላይ ውሏል፣ ቴምብሩ ተላቆ ሌላ ደብዳቤ ላይ አይለጠፍም ማለት ነው። ሁለተኛው ቦታንና ቀንን መመስከር ነው፤ ይኸኛው ከቴምብር ራሱ በዕድሜ ይበልጣል። የእንግሊዝ ፖስታ ኃላፊ የነበረው ሄንሪ ቢሾፕ በ1661 እ.ኤ.አ. ቀንና ወር ብቻ ያለበት ትንሽ ክብ ማኅተም በየደብዳቤው ላይ ማስመታት የጀመረው፣ ደብዳቤ አድራሾች መልእክት ይዘው እንዳያዘገዩ ለመቆጣጠር ነበር። ቴምብር የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1840 ነው። ያ የመጀመሪያው ጥቁር የአንድ ፔኒ ቴምብር በቀይ ቀለም ይሰረዝ ነበር። ቀዩ በጥቁሩ ላይ ጎልቶ አልታይ፣ ሲያጥቡትም እየለቀቀ ቢያስቸግር በዓመቱ ገለበጡት፤ ቴምብሩ ቀይ፣ መሰረዣው ጥቁር ሆነ። ጥቁሩ የማኅተም ቀለም ለመልቀቅ አስቸጋሪ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው።

ስለዚህ «ማስለቀቅ ይቻላል?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ ቴምብሩን ሳይጎዱ አይቻልም። በብረት ማኅተም የሚመታው ጥቁር ቀለም ጥላሸት በዘይት ተለውሶ የተሠራ ነው፤ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ከክሩ ጋር ይያያዛል። በረኪና፣ አልኮል ወይም ቤንዚን ሲያስነኩት ከማኅተሙ በፊት ሊሄድ የሚችለው የቴምብሩ ቀለም ነው፤ ወረቀቱም ሊሻክር፣ ውሎ አድሮም ሊቢጫ ይችላል። ሐምራዊው ተቃራኒ ጠባይ አለው። አብዛኛው በውሃ የሚሟሟ ቀለም ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይፈስና ቴምብሩንም ኤንቨሎፑንም፣ አብሮ የተነከረውንም ሁሉ ሐምራዊ ያደርጋል። ይህ ከሆነ በኋላ ምንም መፍትሔ የለውም። ማኅተሙ ተፍቆ «ያልተሠራበት» ተብሎ የሚሸጥ ቴምብር ማጭበርበሪያ ነው፤ የአልትራቫዮሌት መብራት ያለው ሰብሳቢ የተፋቀውን ቦታ ወዲያው ያየዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለዩ። ቴምብር ላይ የሚታይ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ጽሑፍ ሁሉ የፖስታ ማኅተም አይደለም። በ1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ፖስታን ሲያቋቁሙ ፓሪስ ያሳተሟቸው ሰባት ቴምብሮች፣ ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ያሉት፣ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ሽያጭ ላይ ሳሉ በእጅ ማኅተም ተጨማሪ ጽሑፍ ይመታባቸው ጀመር። በ1901 እ.ኤ.አ. የአገሩ ስም በፈረንሳይኛ፣ በ1902 ደግሞ «ቦስታ» የሚል ቃል በአማርኛ ተመትቶባቸዋል። ይህ መሰረዣ ሳይሆን የቴምብሩ አካል ነው። ከቁልልዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቢገኝ ለብቻው ያስቀምጡት፤ ይህ ጽሑፍ በብዛት ተመሳስሎ የተሠራ ስለሆነ «እውነተኛ ነው» ብለው ለመሸጥም ሆነ «ሐሰት ነው» ብለው ለመጣል አይቸኩሉ።

ማኅተሙን አጥርቶ ለማንበብ አመታቱን ማወቅ ይረዳል። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ጠዋት ሥራ ሲጀምር ከብረቱ ማኅተም መሐል ያሉትን ትናንሽ የቀን ቁጥሮች በወረንጦ እያወጣ ይቀይራል። ከረሳ ደብዳቤው ሁሉ የትናንትናውን ቀን ይዞ ይወጣል። ቁጥሩን ገልብጦ ካስገባ 6 ቁጥር 9 ይሆናል፤ ቀንና ወር ቦታ ሲለዋወጡም ይታያል። ኤንቨሎፑ ከሥሩ ሳሳ ያለ የጎማ ንጣፍ ካልተደረገለት ብረቱ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ያርፍና የክቡ አንድ ወገን ብቻ ይታተማል። ውስጡ ፎቶግራፍ ወይም የወረቀት መርፌ ካለ ማኅተሙ እዚያ ላይ ይሰበራል። ዋናው የማንበብ ስሕተት የሚመጣው ግን መርገጫው ቀለም ሲበዛበት ነው፦ የቁጥሮቹ ሆድ ይሞላና 3፣ 6 እና 8 አንድ ይመስላሉ። «1938» ብለው ያነበቡት «1933» ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲያጠራጥር በጥፍር ወይም በመርፌ አይፋቁ። ኤንቨሎፑን ሁለቱንም ፊት በ600 ዲፒአይ በቀለም ስካን ያድርጉና በማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የቀይ ቀለሙን ክፍል ብቻ ለይተው ይዩት። ቴምብሩ ቀይ ወይም ብርቱካን ከሆነ ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ጥቁሩ ማኅተም ብቻውን ጎልቶ ይወጣል። በስልክ ካነሱትም መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩበት፤ ብረቱ ወረቀቱን የተጫነበት ጎድጓዳ መስመር ጥላ ስለሚሠራ ቀለሙ ያልታየበትን ቁጥር ያሳይዎታል።

አሁን ወደ ቀኖቹ። ከፊት ያለውና ቴምብሩን የመታው ማኅተም የተላከበት ነው። ከጀርባ ያሉት የመተላለፊያና የመድረሻ ማኅተሞች ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የጉዞው ርዝመት ነው። ጀርባው ላይ ሁለት ማኅተም ካለ፣ ለምሳሌ ጅቡቲና ድሬዳዋ፣ በቀን ቅደም ተከተል ያስቀምጧቸው፤ መንገዱ ራሱ ይነበባል። ጀርባው ባዶ ከሆነም አይጠራጠሩ። የመድረሻ ማኅተም በተራ ደብዳቤ ላይ እየቀረ ሄዷል፤ በሪኮማንዴ፣ ማለትም በቁጥር ተመዝግቦ በሚላክ ደብዳቤ ላይ ግን ቁጥጥር ስላለበት ብዙ ዘመን ቆይቷል። የኋላው ቀን ከፊቱ የቀደመ ሆኖ ከታየዎት፣ ወይ ቁጥር ተገልብጧል ወይ አንዱን አሳስተው አንብበዋል፤ መጀመሪያ የራስዎን ንባብ ይመርምሩ።

ከዚህ የባሰው ስሕተት የዘመን አቆጣጠር ነው። ደብዳቤው ውስጥ አያትዎ የጻፉት ቀን በእኛ አቆጣጠር ይሆናል፤ ማኅተሙ ላይ ያለው ግን በአብዛኛው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ ዓመቱም ብዙ ጊዜ በሁለት አኃዝ ብቻ ይጻፋል። ማኅተሙ «14.2.57» ቢል የካቲት 7 ቀን 1949 ዓ.ም. ማለት ነው። 57ቱን 1957 ዓ.ም. ብሎ የሚወስድ ሰው ስምንት ዓመት ይስታል። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ላለው ቀን ከአውሮፓው ዓመት ላይ ስምንት ይቀንሱ፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው ደግሞ ሰባት ይቀንሱ። ውስጡ ያለው ደብዳቤ ቀን ካለው ከሂሳቡ ጋር ያስተያዩት፤ የሁለትና የሦስት ቀን ልዩነት ጤናማ ነው፣ የስምንት ዓመት ልዩነት ግን የስሌት ስሕተት ነው። ለዚህም ነው ደብዳቤውን ከራሱ ኤንቨሎፕ የማይለዩት። ተቀላቅለው ከሆነ ቀኖቹን እያመሳከሩ መልሰው ያጋጥሟቸው።

የጣሊያን ዘመን ማኅተም የራሱ መለያ አለው። ሐረርና ድሬዳዋ በ1928 ዓ.ም. በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መጀመሪያ ተይዘው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ነጻ ወጥተዋል፤ በዚህ መካከል ባሉት ማኅተሞች ላይ ከዓመቱ ጎን በሮማ ቁጥር የተጻፈ ሌላ ቁጥር ያገኛሉ። ይህ የፋሽስቱ መንግሥት የራሱ የዓመት ቁጥር ነው፤ የሚለወጠውም በጃንዋሪ ሳይሆን በኦክቶበር 28 ነው። «12.3.37» ከሚል ቀን ጎን የሮማ 15 ካለ ይገጥማል፦ መጋቢት 3 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። ይህ ቁጥር ዓመቱ ሲደበዝዝ ሁለተኛ ምስክር ይሆንዎታል። ሳንሱር የከፈተው ደብዳቤ ከሆነ ዳር ላይ የተለጠፈ ወረቀትና የመርማሪው ማኅተም ይኖራል፤ ያን ወረቀት እንዳይልጡት።

የከተማው ስም አጻጻፍም ዘመን ይናገራል። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ከውጭ የሚመጣው ፖስታ እዚሁ ከባቡር ወርዶ ሽቅብ በጭነት እንስሳ ይሄድ ነበር። በአሮጌዎቹ ማኅተሞች የላቲኑ ጽሑፍ የፈረንሳይኛ ነው፦ የ«ዳዋ» «ዋ» በ«ኦ» እና በ«ዩ» ፊደል ይጻፋል። በጣሊያኑ «ዩ» ብቻ ናት። በኋለኞቹ «ደብልዩ» ገብቷል። «ሐረር» የሚለውም ከሁለት «አር» ወደ አንድ «አር» የወረደበት ጊዜ አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ቴምብር ብቻውን ደብዳቤን ከጅቡቲ አሻግሮ አያደርስም ነበር፤ ስለዚህ ወደ ውጭ የሄደ የዚያ ዘመን ኤንቨሎፕ የሁለት አገር ቴምብርና የሁለት አገር ማኅተም ሊኖረው ይችላል። ከቆርቆሮው እንዲህ ያለ አንድ እንኳ ቢወጣ ከቀሩት ሁሉ ሊበልጥ ይችላል፤ በመቀስ የተነካ ከሆነ ግን ያንን ሁለትነት ማንም አያየውም።

ሌሎቹን ምልክቶች በአጭሩ ልጥቀስ። በላቲን «አር» ፊደልና ቁጥር ያለው ወረቀት ወይም ማኅተም ሪኮማንዴ ነው። ትልቅ «ቲ» የተመታበት ደብዳቤ ቴምብሩ ያነሰውና ተቀባዩ ልዩነቱን የከፈለበት ነው፤ ብዙ ሰው ይህን የጥራት ምልክት ያደርገዋል፣ አይደለም። ስምንት ማዕዘን ያለው የፈረንሳይኛ ማኅተም ደብዳቤው በመርከብ ፖስታ እንደሄደ ያሳያል። ወደ አያትዎ ተመላሽ በሆኑት ላይ «ተመላሽ»፣ «አይታወቅም» የሚሉ ማኅተሞች፣ የእጅ ጽሑፍ፣ የጠቋሚ ጣት ሥዕል ይኖራል። የተመለሰ ደብዳቤ ሄዶ መጥቶ ከሁለት ወገን ስለሚታተም ከተራው ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ እነዚህን በተለይ ይጠብቁ።

አሁን ጥርጣሬ የሚገባበት ቦታ። እውነተኛ ማኅተም ቴምብሩንና ኤንቨሎፑን አንድ ላይ ይይዛል። በማጉያ መነጽር የቴምብሩን ጥርስ ዳር ይመልከቱ፤ ቴምብሩ ኤንቨሎፑ ላይ እያለ የተመታ ከሆነ መስመሩ ከቴምብሩ ወደ ወረቀቱ ሳይዛነፍ ይሻገራል፣ በጥርሶቹ መካከል ባሉት ክፍተቶችም ቀለሙ በነጥብ በነጥብ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። መስመሩ ጥርሱ ላይ ደርሶ ቢቆም፣ ወይም ወረቀቱ ላይ ያለው ቅጥያ በሌላ ውፍረት ቢሄድ ቴምብሩ በኋላ የተለጠፈ ነው። በአንድ ማዕዘን ላይ ብቻ በጥንቃቄ የተመታ ሩብ ክብ፣ ከሥሩም ሙጫው ያልተነካ ከሆነ፣ ለሰብሳቢ ተብሎ የተሰረዘ እንጂ ደብዳቤ ያደረሰ አይደለም። ንባብዎ ትክክል መሆኑንና ቁጥሩ አለመገለበጡን አረጋግጠው የማኅተሙ ቀን ቴምብሩ ከወጣበት የቀደመ ከሆነ ሐሰት ነው። ኤንቨሎፑ በአልትራቫዮሌት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቢያበራም ወረቀቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣ ነው፤ «የምኒልክ ዘመን ፖስታ» ተብሎ ከቀረበ አይቀበሉት። ማኅተም ማረጋገጥ የማይችለውንም ይወቁ፦ ኤንቨሎፑ በዚያ ቀን በዚያ መስኮት ማለፉን እንጂ ውስጡ ያለው ደብዳቤ መቼ እንደተጻፈ ወይም ማን እንደጻፈው አይመሰክርም። ለውርስ ወይም ለይዞታ ክርክር ማስረጃ ይሆነኛል ብለው ካሰቡ ይህን ልዩነት ለጠበቃዎ አስቀድመው ይንገሩ።

ቴምብር ማላቀቅ ምንጊዜም ክልክል ነው አልልም። ማኅተሙ የማይነበብ፣ ኤንቨሎፑ በምስጥ የተበላ፣ ቴምብሩም በየቦታው የሚገኝ የቅርብ ዘመን ከሆነ ቢያላቅቁት የሚጎድል ነገር የለም። ኤንቨሎፑ ተበላሽቶ ማኅተሙ ግን ሙሉ ከሆነ ከማኅተሙ ውጭ አንድ ሁለት ጣት ቦታ ትተው ቁራጩን እንዳለ ያስቀምጡ እንጂ አይንከሩ።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ፖስታዎቹን ከቆርቆሮው ያውጧቸው፤ ቆርቆሮ በድሬዳዋ ሙቀት ምድጃ ይሆናል፣ ዝገቱም ወረቀት ላይ ይለቃል። እያንዳንዱን ንጹሕ ነጭ ወረቀት አጥፈው ውስጡ ያስገቡ፤ ከቻሉ የፖሊስተር መያዣ ይግዙ። የተራ ፒቪሲ ፕላስቲክ ሽፋን አይጠቀሙ፣ በሙቀት ላብ አውጥቶ ቀለሙን ይይዛል። ፕላስተር፣ ሙጫ፣ ስቴፕለር፣ ካውያ አያስነኩ። ማስታወሻ ካስፈለገ በለስላሳ እርሳስ በመያዣው ላይ ይጻፉ። ክላሴር ውስጥ አቁመው፣ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከግድግዳ አርቀው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ሐረር ላለ ዘመድ ካካፈሉም በክረምቱ ርጥበት ቴምብሩ ከቴምብር ጋር ፊት ለፊት ገጥሞ እንዳይጣበቅ ይንገሩት።

ከዚያ ሁሉንም በሁለቱም ፊት ስካን አድርገው በቀን ቅደም ተከተል ይዘርዝሩ፦ ከየት፣ ወደ የት፣ የፊት ቀን፣ የጀርባ ቀን፣ የማኅተሙ ቀለም፣ ውስጡ ደብዳቤ መኖሩና አለመኖሩ። ይህ ዝርዝር ሳይኖርዎት ለማንም ዋጋ አይጠይቁ። ለቤተሰብ ማስቀረት ይችላሉ፤ ቅጂውን ለአዲስ አበባው የፖስታ ሙዚየም ወይም ሐረር ለሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ማሳየትም ይችላሉ፤ መሸጥም መብትዎ ነው። ወደ ውጭ አገር ለሚወስድ ሰው ከመሸጥዎ በፊት ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን እንደሚከለክል ይወቁ፤ አሮጌዎቹን በሚመለከት አስቀድመው የባህልና ቱሪዝም ቢሮውን ይጠይቁ። ያ ገዢ ተመልሶ ከመጣ ፖስታዎቹን ሳይሆን ስካኑን ያሳዩት፣ ዋጋውንም በሙሉ ኤንቨሎፕ አንድ በአንድ እንዲነግርዎ ይጠይቁት። ተቆርጦ ካልሆነ አልገዛም ካለ አይሽጡለት።